ለእንቅልፍ ምርመራ የተሠራሁት ሹሩባ

ማንኮራፋት በእኛ ዘንድ የወንድ ነገር ነው። ወንድ ሲያንኮራፋ ያድርና ጠዋት ቁርስ ላይ ይቀለድበታል፣ ድምፁን አስመስለው ያሾፉበታል፣ እሱም አብሮ ይስቃል። ሴት ግን አታንኮራፋም። ብታንኮራፋም አልተሰማም ይባላል። እኔም አርባ ዓመት እስኪያልፈኝ ድረስ የማላንኮራፋ ሴት ነበርኩ። ይህን የምጽፈው በፈረቃ እየሠራችሁ፣ "ድካም ነው፣ ያልፋል" እያላችሁ ለምትኖሩ እህቶቼና ወንድሞቼ ነው። ድካም ሁሉ ድካም አይደለም። የእኔው እኔን ብቻ ሳይሆን ከኋላዬ የተሳፈሩ ሰዎችንም ሊጨርስ ነበር።

ስሜ ጽጌ ነው። ፍራንክፈርት ውስጥ ግሪስሃይም በሚባል ሰፈር ከባለቤቴ ከተሾመ ጋር እኖራለሁ። የምሠራው ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ነው፤ አውሮፕላን ሲያርፍና ተሳፋሪው ሲወርድ ገብቶ የሚያጸዳ ቡድን አለ፣ እዚያ ውስጥ ነኝ። ብዙ ዓመት መቀመጫ ለመቀመጫ እያጎነበስኩ ጠርጌአለሁ። ከዚያ ተምሬ፣ ሁለቴ ወድቄ በሦስተኛው አልፌ፣ አውሮፕላኖቹ በሚቆሙበት ሜዳ ላይ የመንዳት ፈቃድ አወጣሁ። ቡድኑን በሚኒባስ ጭኜ ከአንዱ አውሮፕላን ወደ ሌላው የማመላልሰው እኔ ሆንኩ። ሌላ ሰው ይህን እንደ ትልቅ ነገር ላያየው ይችላል። እኔ ግን ያንን መሪ እወደው ነበር። እዚህ አገር እንደ መጣሁ ትኬት መቁረጫ ማሽን ፊት ቆሜ ያለቀስኩ ሰው ነኝ፤ አሁን በአውሮፕላን ክንፍ ሥር እያለፍኩ ሰው አደርስ ነበር።

ሕመሙ የመጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ መቼ እንደ ጀመረ አላውቅም። ጠዋት ስነሳ ራሴን ሲደበድቡኝ ያደሩ ይመስለኛል። አፌ ይደርቃል። ስም ይጠፋኛል፣ ቁልፍ ይጠፋኛል፣ ትዕግሥት ደግሞ ጨርሶ ይጠፋኛል። ተሾመ እዚያው ግሪስሃይም አንድ መጋዘን ውስጥ ሌሊት ነው የሚሠራው። እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ፤ በር ላይ ተሳስመን እንለያያለን። አልፎ አልፎ አብረን ያደርን እንደሆነም እኔ እንደ እናቴ ጋቢዬን እስከ አናቴ ተሸፋፍኜ ነው የምተኛው። አንድ ጊዜ "ጽጌ፣ ሌሊት የሆነ ድምፅ ታሰሚያለሽ" ቢለኝ "የራስህን ነው የሰማኸው" ብዬ አፉን አስዘጋሁት።

መጀመሪያ የሄድኩበት ሐኪም ደሜን አይቶ የብረት እንክብል ሰጠኝ። ጨረስኩት፤ ሆዴ ከመድረቁ በቀር ለውጥ የለም። ሁለተኛው ረጅም ጊዜ አየኝና ከየት እንደ መጣሁ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። የአገር ናፍቆትና ቀላል ድብርት ነው፣ ብዙ ወገኖችሽ ላይ አየዋለሁ፣ ፀሐይ ስለሌለ ነው አለኝ። አገሬ ይናፍቀኛል፣ አልዋሽም። ግን ናፍቆት አፍ አያደርቅም። ይህን በጀርመንኛ እንዴት እንደምለው እያሰብኩ ሳለ ሌላ በሽተኛ ጠራ።

ሦስተኛው ሐኪም ዘንድ ነገሩ ትንሽ ተቃርቦ ነበር። ረዳቷ ስለ እንቅልፍ ልትጠይቀኝ ተቀመጠች።

"ቁጭ ብለው መጽሐፍ ሲያነቡ እንቅልፍ ይወስድዎታል?"

"አይ።" መቼ ቁጭ ብዬ አነበብኩና።

"ቴአትር ቤት ወይም ስብሰባ ላይ?"

"በጭራሽ።" ቴአትር ቤት ገብቼ አላውቅም።

"ከሰዓት በኋላ ጋደም ሲሉስ?"

"ከሰዓት በኋላ ጋደም አልልም።"

"ሰው የሚነዳው መኪና ውስጥ ለአንድ ሰዓት ሲቀመጡ?"

"መኪና የለንም።"

"ባለቤትዎ 'ታንኮራፊያለሽ' ብለው አማርረው ያውቃሉ?"

"ኧረ በፍጹም!" አልኳት፤ ፊቴ ሳይቀላ አልቀረም።

ልጅቷ ደስ አላት። ሁሉም ዜሮ ነው፣ የእንቅልፍ ችግር የለብዎትም አለችኝ። እኔም አመስግኜ ወጣሁ። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ቀሚስ እንደ መለካት ነበር። ጥያቄዎቹ ሁሉ ከሰዓት በኋላ ላለው ሰው የተዘጋጁ ናቸው። ኤስባን፣ የከተማው ባቡር ላይ ቆመሽ ትተኛለሽ ወይ፣ መውረጃሽ አልፎሽ ማይንዝ ከተማ ድረስ ሄደሽ ታውቂያለሽ ወይ ብላ ብትጠይቀኝ ኖሮ አስር ከአስር አገኝ ነበር።

አሁን የሥራ ባልደረባዬን ለተብርሃንን ላስተዋውቃችሁ። የከረን ልጅ ናት፣ እኩያዬ ናት፣ ጉትሎይትፊርቴል የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻዋን ነው የምትኖረው። የፍሉግሃፈንን ሐበሻ ሴቶች የግማሹን ጸጉር የምትሠራው እሷ ናት። ምላሷ ስለታም ነው፣ እጇ ግን ለስላሳ። አደጋው ሊደርስ በነበረበት ቀን ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠችው እሷ ነበረች።

አውሮፕላን እስኪያልፍ መስመሩ ላይ ቆመን እየጠበቅን ነው። እግሬ ፍሬን ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የለተብርሃንን ጩኸት ነው፤ የእጅ ፍሬኑን ጎትታው ነበር። መኪናው መስመሩን አልፎ እየተንሸራተተ፣ አውሮፕላኑ ከፊት ለፊታችን እየመጣ ነበር። ከኋላ የተቀመጡት ስልካቸውን እያዩ ስለነበር አንዳቸውም አላወቁም። እኔ ግን እስከ ፈረቃው ማብቂያ በየመስመሩ በቆምኩ ቁጥር የእጅ ፍሬኑን ስስብ ዋልኩ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

መልበሻ ክፍል ስንደርስ ለተብርሃን በሩን ዘጋችና፣

"ሓፍተይ፣ ይሄ ድካም አይደለም" አለችኝ። "በፓውዘ፣ በእረፍታችንም ጊዜ ሰምቼሻለሁ። ታንኮራፊያለሽ፣ ከዚያ ጸጥ። ትንፋሽሽ ይቆማል። እኔም የራሴን ይዤ እጠብቅሻለሁ።"

"እኔ አላንኮራፋም።"

"እዋእ! ባቡር ያክል!" አለች። አልሳቀችም።

በማግስቱ ራሴ ለአለቃዬ ነገርኩት። የመሥሪያ ቤቱ ሐኪም ሕመሙ ታውቆ እስክታከም ድረስ መንዳት የለብሽም አለኝ። ትክክል ነበር። ለተብርሃንም ፈቃዱ ስለነበራት መሪውን እሷ ያዘች፣ እኔ ወደ መጥረጊያዬ ተመለስኩ። አኩርፌ አይደለም፤ ግን አዲሶቹ ልጆች "ምን አጥፍታ ነው?" ሲባባሉ ስሰማ ከመጥረጊያዬ ቀና አልልም ነበር። እንደ ምንም ብዬ መሪዬን መመለስ አለብኝ አልኩ።

ቀጥሎ የሄድኩባት የሳንባ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ቤት ወስጄ የማድርበት ትንሽ መሣሪያ ሰጠችኝ፤ አፍንጫ ላይ ቀጭን ቱቦ፣ ጣት ላይ ደግሞ ቀይ መብራት ያለው መቆንጠጫ። ውጤቱ ሲመጣ ኦክስጅንሽ ብዙም አልወረደም የሚል ሆነ። በቃ፣ ይቺም ልትሸኘኝ ነው ብዬ ቦርሳዬን አነሣሁ።

"ይቆዩ" አለችኝ። "ይሄ የጣት መብራት ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ አንዳንድ ጊዜ ኦክስጅኑን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ያሳያል። የነገሩኝ ታሪክና ይሄ ቁጥር አይገጥሙም። እኔ የማምነው ታሪክዎን ነው።"

ምን እንደ ተሰማኝ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ማሽንም ቆዳ ያያል እንዴ? ቀጥሎ ግን ለቅሶ መጣብኝ፤ ሐኪም ሲያምነኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበርና። ሽላፍላቦር ላከችኝ፤ ማለት ሐኪም ቤት ታድሪና ተኝተሽ ሳለ ትንፋሽሽ፣ ልብሽና አንጎልሽ በሽቦ ይመዘገባል። ቴርሚኑ፣ ቀጠሮው ግን ክረምቱን አሳልፎ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። መጠበቂያው ክፍል አጠገቤ የተቀመጠች ደግ ሴትዮ ሐኪሟ ለእሷ በዚያው ወር ቀጠሮ እንዳገኘችላት ነገረችኝ። ፕሪቫት፣ የግል ኢንሹራንስ ነው ያላት። እንደ እኔው ታንኮራፋለች፣ እንደ እኔው አፏ ይደርቃል። እሷም አፈረች፣ እኔም ስላሳፈርኳት አፈርኩ፣ ከዚያ ስለ አየሩ አወራን።

ያ ክረምት ረዘመብኝ። ትንፋሼ እንደሚቆም ካወቅሁ ወዲህ መተኛት ፈራሁ። ትራስ ደራርቤ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ማደር ጀመርኩ። ተሾመ ከሥራው ጸሎት በድምፅ ይልክልኝ ነበር፤ ያንን እየሰማሁ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። የእረፍት ቀኑ ሲሆን ደግሞ ጋቢውን ከፊቴ ገልጦ እስኪነጋ ይጠብቀኛል። የዋህ ሰው ነው፤ ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ "ደህና ነው ያደርሽው" ይለኛል። እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ቀኑ ሲደርስ ከላቦራቶሪው በመጣው ወረቀት ላይ "ጸጉር ንጹሕ ይሁን" ተብሎ ተጽፏል። ለተብርሃን ጸጉሬን አየችና "በዚህ ጸጉር ነው ሐኪም ቤት የምታድሪው?" አለች። እንደምታውቁት እኛ ሐኪም ቤት ለማደር ስንሄድ ሠርግ ቤት እንደምንሄድ ነው። አዲስ ፒጃማ፣ አዲስ የውስጥ ልብስ፣ አዲስ ነጠላ ጫማ። ነርሶቹ ምን ይላሉ? ለተብርሃን የእረፍት ቀኗን ሰዋችልኝ። ከጠዋት ጀምራ ክፍሏ እስኪጨልም ድረስ ቀጫጭን ሹሩባ ሠራችኝ፣ የራስ ቆዳዬን ደህና አድርጋ ቅባት ቀባችልኝ። መስተዋት ሳይ ያ ሁሉ በሽታ የለብኝም። ንጹሕ ማለት ለእኛ ይሄ ነው።

ሽቦውን የምትለጥፈው ፍራው ቫግነር፣ ወይዘሮ ቫግነር እንደ ማለት ነው፣ የምትባል ጠና ያለች ሴት ነበረች፤ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። በሩን ከፍታ ስታየኝ ቆመች።

"እንዴት ያምራል!" አለች። ቀጥላ ቃተተች። "ግን ሽቦዎቹን የት ልለጥፋቸው?"

ለካ ሽቦው የራስ ቅል ቆዳ ላይ መጣበቅ አለበት። በሹሩባዎቹ መካከል ሞከረች። ማጣበቂያው በቅባቱ ላይ ይንሸራተታል፣ ሽቦው ትከሻዬ ላይ ይወድቃል። ደግማ ሞከረች። ያው ነው።

"አልሆነም፣ ፍራው ጽጌ" አለች። "በዚህ ሁኔታ የሚመዘገብ ነገር የለም። አዲስ ቴርሚን እንያዝ።" ኮምፒዩተሩን አየች። "ኖቬምበር።"

ያን ጊዜ ግንቦት ነበር። ኖቬምበር ስትል የታየኝ መሪው ነው፤ በጋውንም ሙሉ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ፣ የሰው መቀመጫ ሥር እያጎነበስኩ፣ የማልነዳ ሴት ሆኜ። ከዚያም ለተብርሃን አንድ ሙሉ ቀን ጎንበስ ብላ የሠራችው ሥራ ታየኝ። አለቀስኩ። እጄንም ወደ ማጅራቴ ሰድጄ አንዱን ሹሩባ መፍታት ጀመርኩ።

"ምን እያደረጉ ነው?"

"እፈታዋለሁ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ ሌሎች ሁለት በሽተኞች ይጠብቋታል። በሩን ከፍታ ወጣች። ተቆጥታ ሌላ ሰው ልትጠራብኝ ነው ብዬ መፍታቴን ቀጠልኩ። ቆየት ብላ ግን ሁለቱን አስተኝታ፣ ባለ ጭራ ማበጠሪያ ይዛ ተመለሰች። ወንበር ስባ ከኋላዬ ተቀመጠች።

"ሹራብ እሠራለሁ፣ ጣቶቼ አይፈሩም" አለች። "ከየት እንደሚጀመር ያሳዩኝ።"

አሳየኋት። መጀመሪያ ላይ እንዳያመኝ እየፈራች አንዱን ለመፍታት ዘመን ፈጀች። ኋላ ላይ ፈጠነች። እኔ ከግራ፣ እሷ ከቀኝ እየፈታን መሐል ላይ ለመገናኘት ተጓዝን። በመካከሉ ስልኬ ጠራ፤ ለተብርሃን ናት።

"እንዴት ነው? ጸጉርሽን ወደዱት?"

"በጣም! አሁንም እጃቸውን ከላዩ አላነሡም" አልኳት።

ስልኩን ስዘጋ ፍራው ቫግነር ሥራዋን ሳታቋርጥ በዝቅተኛ ድምፅ አንድ ነገር ተናገረች።

"እንደ እርስዎ ያለ ጸጉር ይዘው የመጡ ሌሎችም ነበሩ። ወደ ቤት ነው የሸኘኋቸው። ተመልሰው መጡ አልመጡ አላውቅም።"

"ወረቀቱ ላይ ይጻፍ" አልኳት። "ንጹሕ ማለት አይበቃም። የተፈታ፣ ያልተቀባ ይበል።" ጸጉሬን በመታጠቢያው ገንዳ ላይ ሁለቴ አጠበችኝ፣ በማድረቂያ አደረቀችኝ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ለጠፈች። ጎፈሬዬ ከነሽቦው ምን እንደሚመስል ልትገምቱ ትችላላችሁ። ተኛሁ።

ጠዋት ሐኪሙ መጥቶ በቀላል ቋንቋ አስረዳኝ። ስተኛ የጉሮሮዬ ሥጋ ይላላና የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል፤ ትንፋሽ ይቆማል፤ አንጎል ደንግጦ ይቀሰቅሰኛል፤ እንደገና ይዘጋል። ስሙ የእንቅልፍ አፕኒያ ነው። የእኔው ከባድ ከሚባለው ነው። "ሌሊቱን ሙሉ ሲታነቁ ነው የሚያድሩት" አለኝ። ሰው እንዲህ ሲባል ይደነግጣል። እኔ ግን ደስ አለኝ። ሰነፍ አይደለሁም፣ ድብርትም አይደለም፣ ፀሐይም አይደለችም።

መድኃኒቱ እንክብል ሳይሆን በጭንብል አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርግ ማሽን ነው። የመጀመሪያው ጭንብል በአፍንጫዬ ግራና ቀኝ አየር ያፈስስብኝ ነበር፤ ዓይኔ እየደረቀ አስቸገረኝ። ያመጣው ሰውዬ "ይሄ ለሁሉም ይሆናል" አለኝ። "እንግዲያው እኔ ከሁሉም ውጭ ነኝ፤ ሰፋ ላለ አፍንጫ የሚሆን አምጣልኝ" አልኩት። አመጣ። ነበረው ማለት ነው። ስለዚህ ጭንብሉ ካልተመቻችሁ ጥፋቱ የአፍንጫችሁ አይደለም፤ ሌላ ጠይቁ፣ ደጋግማችሁ ጠይቁ።

በዚህ መሐል አንዲት እህት ጭንብሉን ቤታችን አይታው ኖሮ፣ ግሪስሃይም በተከራየነው የጸሎት አዳራሽ "ጽጌ ኦክስጅን ላይ ናት" ተብሎ ተወራ። እኛ ኦክስጅን የምናውቀው ለማን እንደሆነ ይታወቃል። የተሾመ አክስት እትዬ ዘነበች ብርቱካን ይዘው እያለቀሱ መጡ።

"ልጄን! ምነው ሳትነግሩኝ? ስንት ቀን ሰጡሽ?"

"ኧረ እትዬ፣ ደህና ነኝ፣ ይቀመጡ። ኦክስጅን አይደለም፣ ይሄው ይዩት" ብዬ ጭንብሉን አጥልቄ ማሽኑን ከፈትኩት። ጥቂት አዩኝና እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቃቸው አመለጣቸው።

"ዝሆን መሰልሽ እኮ!" አሉ። ብርቱካኑን አብረን በላነው።

ከዚያ ቀስ በቀስ ጠዋቱ ጠዋት ሆነልኝ። ራሴ ሳይመታኝ ነቃሁ፤ የጎረቤት ሬዲዮ ሰማሁ፤ ስም ትዝ ይለኝ ጀመር። ተሾመ "አሁን የሚሰማው ማሽኑ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም" ይለኛል። የመሥሪያ ቤቱ ሐኪም ማሽኑ የመዘገበውን አይቶ፣ ደግሞ መርምሮ፣ ፈቃዴን መለሰልኝ። መኪናው ውስጥ ገብቼ ወንበሩን ወደ ፊት ሳብኩና መሪውን በሁለት እጄ እቅፍ አደረግሁት፤ በደስታ።

ለተብርሃን ከጎኔ ተቀመጠች። ጸጉሬ በአዲስ ሹሩባ ነው፤ የጭንብሉ ማሰሪያ እንዳይጎረብጠው እሷው ዝቅ አድርጋ ነው የሠራችው። ያው መስመር ላይ ደርሰን አውሮፕላን እስኪያልፍ ቆምን። የሌሊቱን ፈረቃ እሷ ናት የሸፈነችው፤ ራሷን መስኮቱ ላይ ጣል አድርጋለች። ማንኮራፋት ጀመረች። ፈገግ አልኩ። ከዚያ ጸጥ አለች።

ጠበቅሁ። ፈገግታዬ ጠፋ። የራሴን ትንፋሽ ይዣለሁ። አውሮፕላኑ ቀስ ብሎ እያለፈ ነው። በመጨረሻ እንደ ታነቀ ሰው ሳብ አድርጋ ተነፈሰች። ያን ሁሉ ጊዜ እኔን ስትሰማኝ የኖረችውን ሴት፣ ጉትሎይትፊርቴል ባለችው ክፍሏ ውስጥ ማንም የሚሰማት የለም።

"ለተ" ብዬ ጉልበቷን ነካሁት።

"እ? ደረስን?"

"ታንኮራፊያለሽ። ከዚያ ደግሞ ይቆማል።"

"እኔ?" ቀና አለች። "እኔ አላንኮራፋም!"

"ነገ ለቴርሚን እንደውላለን። አብሬሽ እሄዳለሁ፣ አብሬሽ እጠብቃለሁ።"

ልትሳደብ አፏን ከፈተችና ዓይኔን ስታየው ተወችው። እጇን አንሥታ ትናንት የተሠራችውን ሹሩባ ዳበሰች። አውሮፕላኑ አልፎ መንገዱ ተከፈተ፤ ፍሬኑን ለቅቄ መሪውን ያዝኩ።

"ላቦራቶሪ የምታድሪ ቀን ግን" አልኳት፣ "ጸጉርሽን እንዳትሠሪ።"